በረዶውን የምታለብሰው እትዬ ሐዋ

ስልኬ የጮኸው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ነው። ቁጥሩን ስለማላውቀው መጀመሪያ አላነሳሁትም። ደግሞ ሲደወል ኢንሹራንስ የሚሸጡት ሰዎች መስለውኝ ልቆጣ ብዬ አነሳሁት። የወጣት ሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ «ታዴ ወርክ ነህ?» አለኝ።

«ምን?»

«ስልኳ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው። ታዴ ወርክ። ከስራ የምታውቅህ ማለት መሰለኝ። ይቅርታ፣ ሙሉ ስምህን አላውቅም።» ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች በአማርኛ ቀጠለች። «እኔ ሰሚራ ነኝ። የሐዋ የወንድሟ ልጅ። አክስቴ... ሞታለች።»

«የትኛዋ ሐዋ?» አልኩ። በሕይወቴ የማውቃት ሐዋ አንድ ብቻ ናት። ያም ሆኖ ጠየቅሁ። ሌላ ሐዋ ትኖራለች ብዬ ተስፋ አድርጌ መሰለኝ።

ከሳን ሆዜ ብዙ በማትርቀው ዳብሊን ከተማ ወንድሟ ቤት አድራ ጠዋት ስትቀሰቀስ አልነቃችም፤ ሐኪሞቹ ልቧ ነው ብለዋል። በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀብራለች። ሰሚራ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «ለቅሶው አላበቃም፣ ብትመጣ ደስ ይለናል» አለችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአሮጊቷ ማን እንደሚነግራት አላወቅንም። አንተ ትነግራታለህ?» አለች።

«የትኛዋ አሮጊት?»

«የምትጠብቃት። የስራዋ።» ከኋላዋ ሰው ጠራትና «ስትመጣ እናወራለን» ብላ ዘጋችው።

መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ተቀመጥኩ። እትዬ ሐዋ መሞቷ አንድ ነገር ነው። የምትጠብቃት አሮጊት አለች መባሉ ግን ጭራሽ አልገባኝም። አብረን በሰራንበት ዘመን ሁሉ ስለ አሮጊት ሰምቼ አላውቅም።

የምንሰራው ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሆኪ ይጫወቱበታል፤ ሰዎች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ። ሆኪ በሌለበት ቀን ግን እዚያው ቦታ ኮንሰርት አለ፣ ቅርጫት ኳስ አለ፣ ቦክስ አለ፣ የትምህርት ቤት ምረቃ አለ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከመግባቱ በፊት ሜዳውን የሚቀይር ሰው ያስፈልጋል። እኛ ነን። ስራው ቼንጅኦቨር ይባላል፤ የእኛን ቡድን የምትመራው ደግሞ እትዬ ሐዋ ነበረች።

የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት በስስ ሸራ ጫማ ነው። በበሩ ስገባ አንዲት አጭር ሴትዮ ግራጫ ሻርፕ ላይ ብርቱካንማ ሄልሜት ደፍታ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳች ወደ እኔ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ አቆመችና ፊቴን ሳይሆን እግሬን አየች።

«ይሄን ጫማ ለሠርግ ነው ያመጣኸው?» አለችኝ በአማርኛ። እንግሊዝኛ ሳትሞክር በቀጥታ በአማርኛ። ከመቀመጫዋ ሥር የሱፍ ካልሲ አውጥታ ወረወረችልኝ። «ደርብ። እዚህ ብርዱ ከላይ አይመጣም፣ ከታች ነው።»

«እሺ እትዬ። በረዶውን በምንድን ነው የምናቀልጠው?»

ሳቀች። «የምን ማቅለጥ? ከነገ ወዲያ መልሰው ይጫወቱበት የለ? እናለብሰዋለን እንጂ።»

እኔ በረዶው በየጊዜው ቀልጦ እንደገና የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሲሚንቶው ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚያቀዘቅዙት ቧንቧዎች አሉ፤ በረዶው ወራቱን ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም። መጀመሪያ ሜዳውን የከበበው መስታወት ይወርዳል። ለሁለት ለሁለት ሆነን፣ በላስቲክ መያዣ እየሳብን፣ ከነክብደቱ ወደ ጋሪው። ቀጥሎ ከመስታወቱ ሥር ያለው አጥር ይነቀላል፣ የተጫዋቾቹ አግዳሚ ይነሳል። ከዚያ ብርድ የማያሳልፉት ወፋፍራም ሰሌዳዎች ጫፍ ለጫፍ እየተገጣጠሙ በረዶው ላይ ይነጠፋሉ። በላያቸው ወንበር ይደረደራል፣ መድረክ ይቆማል። ሕዝቡ ሲገባ ከእግሩ በታች ምን እንዳለ አይጠረጥርም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ለእትዬ ሐዋ መሸፈኑ «ማልበስ»፣ ማንሳቱ «መግለጥ» ነበር። ሜክሲኮዎቹ የስራ ባልደረቦቻችን እንኳን «አልቢስ፣ አልቢስ» ማለት ለምደዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» እላት ነበር። አንድ ቀን መስታወት ተሸክመን ሳለ «እርስዎ በዚያ በኩል ይያዙት» ብላት አቁማ ተቆጣችኝ። «አንቺ በለኝ አቦ! እርስዎ ስትለኝ ሌላ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ፤ በኋላ መስታወቱ እግራችን ላይ ይወርዳል።» ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት። እትዬን ግን አልተውኩም።

ስለ እሷ ልናገር ስል ሁልጊዜ ይምታታብኛል። ድምጿ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላኛው ጎል ይሰማል። ሰሌዳ ከተጣመመ ያጣመመውን ሰው በስሙ፣ በአባቱና ካወቀችም በአያቱ ትጠራዋለች። እረፍት ላይ ደግሞ ያንኑ የሰደበችውን ሰው ጠርታ ብርቱካን ልጣ ታጎርሰዋለች። ለሁሉም ነገር «አብሽር» ትላለች። ጣትህ ቢቀጠቀጥ አብሽር፣ ልጅህ ቢታመም አብሽር። መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ ይመስለኝ ነበር። እናቴ አዲስ አበባ በሞተች ጊዜ ግን አጠገቤ ተቀምጣ አንድም ነገር ሳትናገር ዋለች፤ አብሽር እንኳን አላለችኝም።

ቤተሰብ እንዳላት ስጠይቃት «ሁሉም ሰው ቤተሰብ አለው» አለችኝ።

«የት ናቸው?»

«እዚህም እዚያም።»

ከዚህ ማለፍ አይቻልም። ከደሴ እንደመጣች አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚያውቅ ነው እንጂ እሷ ነግራኝ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይደንቀኝ ነበር። ሌሎቻችን ከስራ ስንወጣ ከነአቧራችን ነው። እሷ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ ልብስ መቀየሪያው ገብታ ትቆይና ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ የእጅ ቦርሳ አንጠልጥላ ትወጣለች። እጇን ሳይቀር ቅባት ታሸዋለች። እንኳን ፎርክሊፍት ብስክሌት የነካች አትመስልም። «ቀጠሮ አለሽ እንዴ እትዬ?» ስላት «አዎ፣ ከሰው ጋር» ትልና ትሄዳለች። ቀስ ብላ፣ በትናንሽ እርምጃ። አረማመዷ ራሱ ይለወጥ ነበር።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን የኢዱን ጊዜ ነው።

አንድ ዓመት የአካባቢው ሙስሊሞች የሚሰግዱበት አዳራሽ እድሳት ላይ ስለነበረ የመስጊዶቹ ኮሚቴ የእኛን ተከራየ። ቅዳሜ ከሰዓት ሆኪ ነበር። ኢድ ወይ እሑድ ነው ወይ ሰኞ፤ የሚታወቀው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ መታየት አለመታየቷ ነው። እሑድ ከሆነ ጨዋታው እንዳለቀ ማልበስ አለብን። ሰኞ ከሆነ ግን እሑድ የሕፃናት የበረዶ ላይ ዳንስ ልምምድ ስላለ በረዶው እንደተገለጠ መቆየት አለበት።

አለቃችን ሪክ ደግ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሊያብድ ደርሶ ነበር። ስልኩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። «አንዱ ካሌንደር እሑድ ይላል፣ አንዱ ሰኞ ይላል። ጨረቃ እኮ ናት! የት እንዳለች አይታወቅም?» ለኮሚቴው ደወለ። እየጠበቅን ነው አሉት። እስከ መቼ? እስክንሰማ። በመጨረሻ ወደ እትዬ ሐዋ ዞረ። ከመሃላችን ሙስሊም እሷ ብቻ ነበረች።

«ሐዋ፣ ነገ ነው ወይስ አይደለም?»

እሷ ቀኑን ሙሉ ጾማ ነው የዋለችው። ጥፋት ያጠፋ የሆኪ ተጫዋች የሚቀመጥባት ጠባብ ቦታ አለች፤ እሷ «እስር ቤቱ» ትላታለች። እዚያ ተቀምጣ ተምሯን በሶፍት ላይ ደርድራ ሰዓቷን ትጠብቃለች። «አላህ ነው የሚያውቀው» አለችው። ሰዓቱ ሲደርስ አፈጠረች፣ ውኃ ጠጣች፣ ተነስታ ዕቃ በሚገባበት በር ወጣች። ተከተልኳት። በምዕራብ በኩል ሰማዩ በደመና ተደፍኗል። ጨረቃ ቀርቶ ኮረብታው አይታይም። ትንሽ ቆማ አየችና ተመለሰች።

«አልብሱት!» አለች።

ሪክ ሮጦ መጣ። «አየሻት?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ?»

«አልብሱት ነው የምለው።»

ጀመርን። መስታወቱን አውርደን፣ አጥሩን ነቅለን፣ ሰሌዳውን ግማሽ ድረስ እንዳነጠፍን ኮሚቴው ደወለ። ጨረቃ አልታየችም፣ ኢድ ሰኞ ሳይሆን አይቀርም። ሪክ ሄልሜቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ። ሁላችንንም ወደ ቤት ሂዱ፣ ጠዋት መጥታችሁ ታነሱታላችሁ አለን። ለእሷ ደግሞ ስለዚህ ነገር ሰኞ ቢሮ እንደሚያነጋግራት ነገራት። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር ሁላችንም ሰማን።

እሷ ወደ ሰሌዳው ክምር ሄደች። አንዱን ሰሌዳ በአንድ ጫፍ ይዛ ትጎትት ጀመር። ብቻዋን የምትችለው ነገር አይደለም። ሻርፗ ተንሸራቶ ሽበቷ ወጣ፤ አልመለሰችውም። እኛ ቦርሳችንን እንደያዝን ቆመን አየናት። «እትዬ፣ ተይው እንጂ፣ ስራሽን ታጪያለሽ» አልኳት። ቀና ብላ ስታየኝ የፊቷ ነገር አስደነገጠኝ። ቁጣ አይደለም። ልመናም አይደለም። እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ቦርሳዬን አስቀምጬ ሌላኛውን ጫፍ ያዝኩ። ከእኔ በኋላ ሜክሲኮዎቹ መጡ። ሪክ ሁለት ጊዜ አቁሙ ብሎ ሦስተኛውን ሳይለው ተቀመጠ።

የመጨረሻውን ሰሌዳ ልንገጥም ስንል ስልኩ እንደገና ጮኸ። ወደ ደቡብ፣ በረሃው አካባቢ፣ የታመኑ ሰዎች አይተናል ብለው መስክረዋል። ኢድ ነገ ነው።

ሪክ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ሄደ። «እንዴት አወቅሽ?»

«አላወቅሁም» አለችው። እንደዚያ ብቻ።

በኋላ ምንጣፍ ስንዘረጋ ጠየቅኋት። «አልብሰነው ኢድ ባይሆን እንገልጠዋለን፤ ድካም ነው» አለችኝ። «ሰው ልጁን አልብሶ መጥቶ በረዶ ቢያገኝ ግን...» አልጨረሰችውም። ምክንያቱ ልክ ነው። እኔን ግን አላሳመነኝም። ስራውን አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ለማያውቀው ሕዝብ ብሎ እንደዚያ ዓይነት ፊት አያሳይም።

ጠዋት ሕዝቡ ጎረፈ። የሶላቱ ረድፍ ወደ ቂብላ፣ ወደሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ስለሚዞር ከሜዳው ጋር ሰያፍ ነበር፤ መስመሩን በቴፕ የለጠፈችው ራሷ ናት። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል፣ ልጆቹ በየመሃሉ። ተጫዋቾቹ በሚወጡበት መተላለፊያ መጋረጃ ጋርደን ከኋላው ቆምን። እሷ ፎርክሊፍቷ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አትሰግጂም እንዴ? ሂጂ እንጂ፣ እኛ አለን» አልኳት።

«ስራ ላይ ነኝ።»

ሶላቱ አልቆ ሰው ሁሉ «ኢድ ሙባረክ» እየተባባለ ሲተቃቀፍ አንድ ሰው ሲያልፍ መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ሐዋ በፍጥነት ከፎርክሊፍቱ ወረደችና ከኋላው ቆመች። ሄልሜቷን ወደ ግንባሯ ጎተተችው። ያፈረች መሰለኝ፤ ስላልሰገደች። ወዲያው ድምጿን ከፍ አድርጋ «ግለጡት!» አለች፣ ሕዝቡ ገና ሳይወጣ።

ሪክ ሰኞ ቢሮ አልጠራትም። ነገሩ በዚያው ቀረ። እሷም አላነሳችውም።

እንግዲህ ይህችን ሴትዮ በሐሳቤ ይዤ ነው ዳብሊን ለቅሶ የደረስኩት። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ወንድሟ አቶ ይማም ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ናቸው። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኮሌጅ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው መሆናቸውን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሹክ አለኝ። እግዜር ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ስለ እሷ የሚወራውን ስሰማ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። አንዷ ሴትዮ «ድምጿ አይሰማም ነበር እኮ፤ መኖሯም አይታወቅ» አሉ። ሌላዋ «ብርድ እንዴት አድርጋ ትፈራ ነበር! እዚህ ስትመጣ ሂተር ሥር ነው የምትቀመጠው» አሉ። ሌላው ሰው «መኪና እንኳን አለመንዳቷ፣ ባቡር ስትጠብቅ ነው የምትውለው» አለ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶዋ አየሁ። እሷው ናት።

ሰሚራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግሊዝኛና አማርኛ እየቀላቀለች «ከአሮጊቷ ጋር ነው የምትሰራው አይደል? አንተም ኬርጊቨር ነህ? አሮጊት ጠባቂ?» አለችኝ።

«ስለ አሮጊቷ ምን ትነግርሽ ነበር?» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ኦ፣ ሁሉንም ነገር! ስሟን ግን ነግራን አታውቅም፣ አሮጊቷ ነው የምትላት። ሳን ሆዜ ነው ቤቷ። በጣም ትልቅ ቤት። ብርዳም ናት። ዛሬ አለበስኳት፣ ነገ ደግሞ እገልጣታለሁ ትለኛለች። ግራ ይገባኝ ነበር፤ ሰው ከበረደው ለምን ትገልጪዋለሽ?» ሳቀችና ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ግን ሰዎቹ ጥሩ አይደሉም። እንግዳ ይበዛባታል፣ ይጮሁባታል። አንዴ ምን አለችኝ መሰለህ? ጎረምሶች መጥተው በዱላ ሲቧጥጧት ዋሉ አለችኝ። አቢዩዝ ነው እኮ፣ በደል! ሪፖርት ላድርግ ስላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለምን ሳቀች?»

አንገቴን ደፋሁ። እነዚያን ዱላ የያዙ ጎረምሶች እኔም አውቃቸዋለሁ።

«እና ማን ይነግራታል?» አለች ሰሚራ። «አክስቴ በጣም ትወዳት ነበር። ሄጄ ላያት እፈልጋለሁ።»

አቶ ይማም ከወዲያ ማዶ ያዩን ነበር። እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው ተነሱ። «ና ልሸኝህ» አሉኝ፣ ልሂድ ሳልል።

መኪናዬ ድረስ አብረን ሄድን። ሠፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከሩቅ የባቡሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። መኪናዬን ተደግፈው ቆሙና «አሮጊት የለችም» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ያ ኢድ፣ አዳራሹ ውስጥ የሰገድንበት፣ እኔ እዚያ ነበርኩ። ከሳምንት በፊት በስልክ እዚያ እንደምሰግድ ነግሬያት ነበር፤ 'ጥሩ፣ ሂድ' አለችኝ። ሶላቱ አልቆ ልወጣ ስል መጋረጃ ተገለጠ። ሐዋ ያ ዕቃ ማንሻ መኪና ላይ ተቀምጣ። ሄልሜት አድርጋ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።»

«ከዚያስ?»

«አቀረቀርኩ።» መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጠረጉ። «ከደሴ ሳመጣት ሰው በተሰበሰበበት 'እኔ እያለሁ እህቴ የጉልበት ስራ አትሠራም' ብዬ ነበር። ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ። ቤቴ ቁጭ ብላ የእኔን ዕቃ ስታጥብ ግን ምንም አልተሰማኝም። አንድ ቀን 'አሮጊት የምትጠብቅ ሰው ይፈለጋል ተባልኩ፣ ሳን ሆዜ ልሂድ' አለችኝ። እሱን እሺ አልኩ። አሮጊት መጠበቅ ጽድቅም አለው።»

«እንዳዩዋት ታውቅ ነበር?»

«እኔ ነኝ አንተን መጠየቅ ያለብኝ። ያን ዕለት ማታ ለኢድ እዚህ መጣች፤ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽቶዋን ተቀብታ። 'የት ሰገድሽ?' አልኳት። 'ኦክላንድ' አለችኝ። 'ጥሩ ነው' አልኳት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ግን በመጣች ቁጥር 'አሮጊቷ እንዴት ናት?' ብዬ እጠይቃት ጀመር። በፊት ጠይቄያት አላውቅም ነበር። 'ደህና ናት፣ ዛሬ ተገልጣ ዋለች' ትለኛለች። 'ደክመሻል?' እላታለሁ። 'ትንሽ፣ ከብዳኝ ነበር' ትለኛለች። ማወቄን እያወቀች ይሁን ሳታውቅ እንጃ። ስለ ስራዋ ያወራነው በዚህ ነው። ስንት ዓመት! ለምን በግልጽ አልጠየቅኋትም? እኔ እኮ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጥያቄ ነው ስራዬ።»

ሰሌዳውን ብቻዋን ስትጎትት ያየሁት ፊት አሁን ትንሽ ገባኝ መሰለኝ። ወንድሟ ሊሰግድ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ወለል እንዲያጣ አልፈለገችም። ግን እንዲያያት ነው የፈለገችው ወይስ እንዳያያት? ከፈለገች ለምን ወርዳ ተደበቀች? ካልፈለገችስ ያን ቀን ፈቃድ ወስዳ መቅረት አትችልም ነበር? ይህንን ለአቶ ይማም ልነግራቸው ፈለግሁ፣ ደግሞ ሐዘናቸውን የማከብድ መሰለኝ። «ለወለሉ ብላ ከአለቃችን ጋር ተጣልታ ነበር» ብቻ አልኳቸው። ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ።

የቤቱ በር ተከፈተና ሰሚራ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዛለች።

«ለአሮጊቷ ነው» አለችኝ። «ሳምቡሳ ነው፣ ለስላሳ አድርጌዋለሁ። ጥርስ አላት አይደል?»

ሳህኑን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ተቀብዬ ብሄድ የሚያልቅ ነገር ነበር። አቶ ይማም ግን እጄን ያዙ።

«ሰሚራ» አሉ። «አሮጊት የለችም።»

«ሞተች? እሷም?»

«አይደለም። መጀመሪያውኑ አልነበረችም።»

ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ምን ማለትህ ነው?» አለች፤ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። አቶ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ንገራት። ምን ትሠራ እንደነበር ንገራት። እኔም ልስማ።»

ከበረዶው ልጀምር? ከእሷ ልጀምር? ሰሚራ ሳህኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ ትጠብቃለች። አማርኛው እንዲገባት ቀስ ብዬ «መጀመሪያ የሚወርደው መስታወቱ ነው» አልኩ። «ሜዳውን ዙሪያውን የከበበ ወፍራም መስታወት አለ። ለሁለት ነው የሚያዘው። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል።»

አቶ ይማም የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነጩ ልብሳቸው አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ፤ አላነሱትም። ቀና ብለው አዩኝ።

«ከባድ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «ከባድ ነው።»